ቤተሰብ ይዞ በመርከብ ለመዝናናት ከመነሣት በፊት መታወቅ ያለባቸው ነገሮች

(የማኅበራችን ጸሐፊ በጠቅላላ ስብሰባ ላይ ያሰሙት ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ አባላትና ነዋሪዎች ሲባል እንዳለ ወጥቷል።)






እንደምታስታውሱት ባለፈው ስብሰባ ላይ አንዳንድ አባሎቻችን «በየዓመቱ ፓርክ ሄደን ሥጋ ጠብሰን ከምንመለስ፣ ዘንድሮ ልጆቹ ትምህርት ሲዘጉ ለምን ከባልቲሞር ወደብ ተነሥተን በክሩዝ ወደ ባሃማስ አንሄድም?» የሚል ሐሳብ አቅርበው ነበር። ሐሳቡም በጭብጨባ ተደግፏል። እኔ ከቤተሰቤ ጋር ሁለት ጊዜ ስለ ሄድኩ «የሚያውቁትን ይንገሩን» ተብዬ ነው ዛሬ የቆምኩት።

የእኔ ትምህርት ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። ስለዚህ የምናገረው ያየሁትን፣ የጠየቅሁትንና ሰው አስነብቤ የተረዳሁትን ነው። ክሩዝ ደስ የሚል ነገር ነው። ልጆች ይቦርቃሉ፣ እናት ከምድጃ ታርፋለች፣ አባት ከመኪና መሪ ላይ እጁን ያነሣል። ነገር ግን አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት በከንቱ አይደለም። የክሩዝ ዋናው ሥራ የሚሠራው መርከቡ ላይ ሳይሆን ቤት ውስጥ፣ አንድ ዶላር ከመከፈሉ በፊት ነው። ይኸውም የሁሉንም ሰው ወረቀት በማየትና ሙሉውን ወጪ በመደመር ነው። ይህን ያላደረገ ቤተሰብ ለአምስት ቀን ደስታ ሲል የብዙ ዓመት ልፋቱን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል።

አንደኛ፦ ስለ ወረቀት

ብዙ ሰው «መርከቡ ከሜሪላንድ ተነሥቶ ተመልሶ ሜሪላንድ ይገባል፤ ታዲያ ከአሜሪካ መቼ ወጣን?» ይላል። ወጥተናል! መርከቡ ናሶ ወይም ሌላ የውጭ ወደብ ከነካ፣ ባንወርድ እንኳ ስንመለስ እንደ ማንኛውም ከውጭ አገር የሚገባ ሰው እንመረመራለን። ደግሞም በአጋጣሚ የሆነ ነገር አይደለም። በ1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ አለ፤ በሌላ አገር ባንዲራ የተመዘገበ መርከብ የውጭ ወደብ ሳይነካ መንገደኛ ከአሜሪካ ወደብ ወደ አሜሪካ ወደብ እንዳያመላልስ ይከለክላል። ትልልቆቹ የመዝናኛ መርከቦች ደግሞ አብዛኞቹ የባሃማስ፣ የፓናማ ወይም የሌላ አገር ባንዲራ የያዙ ናቸው። ስለዚህ በክሩዝ መሄድ ማለት ከአገር መውጣት ነው ብላችሁ ያዙት።

ሀ/ የአሜሪካ ዜጋ የሆነ ሰው፣ ጉዞው ከተነሣበት ወደብ ተመልሶ የሚያልቅ ከሆነ፣ የልደት ወይም የዜግነት ምስክር ወረቀቱን ከመንግሥት መታወቂያ ጋር ይዞ መመለስ ይችላል። ከ16 ዓመት በታች ለሆነ ዜጋ ልጅ የልደት ወረቀቱ ይበቃል። ቢሆንም አንዳንድ ደሴቶች ፓስፖርት ይጠይቃሉ። ደግሞ በመንገድ የታመመ ወይም ከመርከብ የቀረ ሰው በአውሮፕላን መመለስ ቢያስፈልገው ያለ ፓስፖርት ይቸገራል። ስለዚህ ፓስፖርት ማውጣቱ ይሻላል እላለሁ።

ለ/ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ቀኑ ያላለፈ ካርድና ቀኑ ያላለፈ ፓስፖርት ይያዝ። ግሪን ካርዱ የሚጠቅመው ወደ አሜሪካ ለመመለስ ነው። መርከቡ የሚቆምባቸው አገሮች ግን የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ሰው የራሳቸው ደንብ ስላላቸው፣ ኩባንያውን ስለ እያንዳንዱ ወደብ ጠይቃችሁ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። በስልክ የተነገረ ነገር ወደብ ላይ ማስረጃ አይሆንም።

ሐ/ «እማዬ ከአገር ቤት ልትጠይቀን መጥታለች፣ እሷንም ይዘናት እንሂድ» የሚል ቤተሰብ፣ እባካችሁ ቪዛዋን ገልጣችሁ እዩ። ቪዛው ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ የተሰጠ ከሆነና በእሱ ገብታ ከሆነ፣ በመርከብ ስትወጣ መመለሻ ልታጣ ትችላለች። ለእማዬ ደስታ ያሰብነው ነገር እማዬን ባሕር ማዶ እንዳያስቀርብን።

መ/ አሁን የምናገረው ከሁሉ የሚከብደው ነው። የጥገኝነት ጥያቄ አቅርቦ ውሳኔ የሚጠብቅ ሰው፣ አስቀድሞ ከኢሚግሬሽን የጉዞ ፈቃድ ሳያገኝ ከአገር ከወጣ ጥያቄውን እንደ ተወው ይቆጠራል። ግሪን ካርድ እዚሁ ሆኖ አመልክቶ የሚጠብቅ ሰውም በአብዛኛው እንደዚሁ ነው። ጥገኝነት ተፈቅዶለት ግሪን ካርዱ ገና ያልደረሰው ሰው ደግሞ ከመውጣቱ በፊት የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ማውጣት አለበት። ፈቃድ የያዘም ቢሆን ከጠበቃው ሳይመክር አይነሣ። ቲኬት የሚሸጠው ሰው ጠበቃ አይደለም። እኔም ጠበቃ አይደለሁም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ ልበላችሁ። በመካከላችን ወረቀቱ ያላለቀለት ሰው አለ። ማን እንደ ሆነ መናገርም መጠየቅም አያስፈልግም። «አንሄድም» ያለን ቤተሰብ «ምነው ኮራችሁ? ገንዘብ ተወዶባችሁ ነው?» እያልን ብንወተውት፣ ያ ሰው ጉዳዩን በአደባባይ ከመናገር አፍሮ መሄድን ሊመርጥ ይችላል። በይሉኝታ የተሳፈረ ሰው ምን እንደሚደርስበት አሁን ተነጋግረናል። ስለዚህ «አልሄድም» ያለ ሰው ምክንያቱን የማይጠየቅበት ደንብ ይኑረን።

ሠ/ ስለ ስም። የእኛ ስም ለፈረንጅ ግራ እንደሚያጋባው ታውቃላችሁ። ሚስት በአባቷ ስም፣ ባል በአባቱ ስም፣ ልጅ ደግሞ በአባቱ ስም ስለሚጠራ የአንድ ቤት ሰዎች ሦስት ዓይነት የመጨረሻ ስም ይዘን እንቀርባለን። ስለዚህ የልጆቹን የልደት ወረቀትና የጋብቻ ወረቀቱን ያዙ። በተለይ እናት ወይም አባት ብቻውን ልጅ ይዞ የሚሄድ ከሆነ፣ የቀረው ወላጅ መፍቀዱን የሚገልጽ በኖተሪ የተረጋገጠ ደብዳቤ ይዞ ቢሄድ ከብዙ ጥያቄ ይድናል። ቲኬቱ ላይ የሚጻፈውም ስም ፓስፖርቱ ላይ ካለው ጋር በፊደል አንድ ይሁን።

ሁለተኛ፦ ስለ ገንዘብ

በማስታወቂያ ላይ የምታዩት ዋጋ የመጨረሻው ዋጋ አይደለም። ዋጋው ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ሁለት ሰው በአንድ ክፍል ሲተኛ ለአንዱ ሰው ነው። ሦስተኛና አራተኛ ሰው በዚያው ክፍል ሲጨመር ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ብቻውን የሚሄድ ሰው ግን የሁለት ሰው ያህል ይከፍላል። በዚህ ላይ የሚከተሉትን ደምሩ፦

ጉርሻ ወይም ቲፕ የሚባለው በየቀኑ በራሱ ይቆረጣል። በትልልቆቹ ኩባንያዎች ለአንድ ሰው በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር ገደማ ነው፤ ብዙዎቹም ከልጆች ላይ ሳይቀር ይወስዳሉ። አምስት ሰው ያለበት ቤተሰብ ለ7 ሌሊት በ18 ዶላር ሒሳብ 630 ዶላር ይመጣበታል ማለት ነው። ይህ አንድ የከረሜላ ወረቀት ሳይገዛ ነው።

መጠጥን በሚመለከት፣ ውኃ፣ ሻይና ተራ ቡና ከምግቡ ጋር በነፃ ይገኛል። ለስላሳ፣ ቢራና ወይን ግን ለብቻው ይከፈላል። በጥቅል የመጠጥ ክፍያ ለመግዛት ያሰበ ሰው ይህን ይወቅ፦ በብዙ ኩባንያዎች ደንብ አንዱ አዋቂ የአልኮሉን ጥቅል ከገዛ፣ በዚያው ክፍል ያለው ሌላው አዋቂም መግዛት ይኖርበታል። ባል ቢራ ሊጠጣ፣ አልኮል በአፏ የማይዞር ሚስቱ እኩል ትከፍላለች ማለት ነው።

መርከብ ላይ በኪስ ገንዘብ አይገዛም፤ ሁሉም ነገር የክፍል መክፈቻ በሆነችው ካርድ ይመዘገባል። ልጆችም ካርድ ይሰጣቸዋል፤ መጫወቻ ማሽኑ ጋ ሄደው እየነኩ ሲጫወቱ ገንዘብ መሆኑን አያውቁትም። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ወደ እንግዳ መቀበያው ሄዳችሁ የልጆቹን ካርድ አዘጉ ወይም ገደብ አስደርጉበት። የባንክ ዴቢት ካርድ የምታስይዙ ከሆነ ደግሞ ኩባንያው ገንዘባችሁን ለጥቂት ቀናት ሊይዝባችሁ ስለሚችል፣ የቤት ኪራይ የሚከፈልበትን ሒሳብ አታስይዙ።

ስልካችሁን መርከቡ ከወደብ ሲነሣ «ኤርፕሌን ሞድ» ላይ አድርጉት። ባሕር ላይ ስልኩ በራሱ ከመርከቡ መሥመር ጋር ከተገናኘ የሚመጣው ቢል ያስደነግጣል።

የሕክምና ነገርም አለ። መርከቡ ላይ ሐኪም አለ፤ ግን በነፃ አይደለም፣ ሒሳቡ በካርዳችሁ ላይ ይጻፋል። ሜዲኬይድ ከአሜሪካ ውጭ ለተደረገ ሕክምና አይከፍልም። ሜዲኬርም ከጥቂት ሁኔታ በስተቀር እንደዚያው ነው። በሽተኛን በሄሊኮፕተር ወይም በአውሮፕላን ማንሣት ቢያስፈልግ ወጪው ለአንድ ቤተሰብ የሚቻል አይደለም። ስለዚህ ሕክምናንና በሽተኛ ማመላለስን የሚጨምር የጉዞ ኢንሹራንስ ግዙ።

ቀሪው ክፍያ ብዙውን ጊዜ ጉዞው ሊደርስ ከ75 እስከ 90 ቀን ሲቀረው ተከፍሎ ያልቃል። ከዚያ በኋላ «ትቻለሁ» ማለት ገንዘብ ያስቀራል። የቅድሚያ ክፍያውም የማይመለስ ሊሆን ስለሚችል አስቀድማችሁ ጠይቁ። ይህን ሁሉ ደምራችሁ ከአቅም በላይ ሆኖ ካገኛችሁት ለሚቀጥለው ዓመት አቆዩት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዳይሆን። በክሬዲት ካርድ ወለድ የተገዛ ዕረፍት ዕረፍት አይደለም።

ሦስተኛ፦ ስለ ምግብና ስለ ቡና

ቤት የተሠራ ምግብ ይዞ መግባት አይፈቀድም። እንጀራው፣ ዶሮ ወጡ፣ ጭኮው፣ ቋንጣው በር ላይ ይቀራል። በፋብሪካ የታሸገ ያልተከፈተ ብስኩት ወይም ቆሎ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል።

ቡና እናፈላለን ብላችሁ ጀበናና ዕጣን የምታስቡ እናቶች፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ከሰል፣ ዕጣን፣ ሻማ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃና ካውያ ክልክል ነው፤ ከተገኘም ይወሰዳል። ኤክስቴንሽን ገመድም እንደዚሁ። ነገሩ ንቀት አይደለም። በባሕር መካከል እሳት ቢነሣ የሚሸሽበት ቦታ ስለሌለ ነው። ጫትም በዚህ አገር ሕግ የተከለከለ ስለ ሆነ ማንም በሻንጣው እንዳይገኝ።

ለሚጾሙ፦ ጉዞው በጾም ወራት ከዋለ ኩባንያውን አስቀድማችሁ አሳውቁ፤ መርከብ ላይም በመጀመሪያው ምሽት ለአስተናጋጁ ደግማችሁ ንገሩ። ስትናገሩ «ቬጂቴሪያን» አትበሉ። ቬጂቴሪያን ሥጋ የለውም እንጂ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል ሊኖርበት ይችላል። የእኛን ጾም የሚመስለው «ቪገን» የሚሉት ነው። ሙስሊም አባሎቻችን ደግሞ ሐላል ምግብ መኖሩን ከመክፈላችሁ በፊት አረጋግጡ፤ ሁሉም መርከብ ሁልጊዜ አያዘጋጅም።

ስትመለሱ ፍራፍሬና ሥጋ ይዛችሁ አትውረዱ። የያዛችሁትን ማናቸውንም ምግብ ለጉምሩክ ተናገሩ።

አራተኛ፦ ስለ ሕፃናት፣ ስለ ነፍሰ ጡሮችና ስለ አረጋውያን

ሕፃን ቢያንስ 6 ወር ሳይሞላው በብዙዎቹ መርከቦች አይሳፈርም፤ ውቅያኖስ አቋራጭ በሆኑ ረጅም ጉዞዎች 12 ወር ይጠየቃል። ነፍሰ ጡር ሴት ጉዞው ሳያልቅ 24ኛው ሳምንት ውስጥ የምትገባ ከሆነ አትሳፈርም። ከዚያ በታች ያለችም የሐኪም ደብዳቤ ትያዝ።

የልጆች መዋያ አለ፤ ቀን ቀን በአብዛኛው በነፃ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚቀበሉት ከ3 ዓመት ጀምሮ ያለን፣ ዳይፐር የተወ ልጅ ነው። ዳይፐር የሚያደርግ ሕፃን ወደ ዋናው ገንዳ እንዲገባ አይፈቀድም፤ የውኃ ዳይፐር ቢሆንም እንኳ። በገንዳው ዙሪያ ሁሉም መርከብ ላይ ጠባቂ ቆሞ አይውልም። ስለዚህ ትልቁ ልጅ ትንሹን ያያል ብሎ ነገር የለም፤ ወላጆች በተራ ይቀመጡ። በረንዳ ያለው ክፍል የያዘ ሰው ወንበሩን ከብረቱ ያርቅ፤ ልጅ ወንበር ካገኘ ይወጣል።

አረጋውያን የሚወስዱት መድኃኒት ከነብልቃጡ በእጅ ቦርሳ ይያዝ። ትልቁን ሻንጣ ሠራተኞች ተቀብለው ወደ ክፍል የሚያደርሱት ከሰዓታት በኋላ ስለ ሆነ፣ የስኳር መድኃኒት ውስጡ ከቀረ ችግር ነው። ፓስፖርትም በዚያ ሻንጣ ውስጥ አይገባም። ማዕበል የማይስማማው ሰው ከመርከቡ መካከል፣ ዝቅ ባለው ፎቅ ላይ ክፍል ይምረጥ፤ መወዛወዙ እዚያ ይቀንሳል። በአንዳንድ ወደብ መርከቡ ዳር አይደርስም፣ በትንሽ ጀልባ ነው የሚወረደው። በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው ይህ ከባድ ስለ ሆነ አስቀድሞ ይጠየቅ።

እጅን በሳሙናና በውኃ ታጠቡ፣ ልጆቹንም አሳጥቡ። መርከብ ላይ ሆድ የሚያስይዘውን ኖሮቫይረስ የሚባለውን ተሐዋስ በር ላይ የሚሰጠው ጄል በደንብ አያጠፋውም። ለነገሩ እኛ ከምግብ በፊት እጅ ማስታጠብ የአባት የእናት ልማዳችን ነው፤ እዚያም እንዳንረሳው።

አምስተኛ፦ ስለ ደኅንነትና ስለ ሰዓት

ስትሳፈሩ የአደጋ ጊዜ ልምምድ አለ። የት እንደምትሰበሰቡና የሕይወት ማዳኛ ጃኬት እንዴት እንደሚታሰር ይነገራችኋል። «ተወው፣ ምግብ ይቀዘቅዛል» እንዳትሉ። በ2012 በጃንዋሪ 13 ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለች መርከብ ኢጣልያ ውስጥ ጂሊዮ ደሴት አጠገብ ከድንጋይ ጋር ተጋጭታ 32 ሰው ሞቷል። በዚያው ዕለት ከተሳፈሩት መካከል ብዙዎቹ ልምምዱን ገና አልሠሩም ነበር። ከዚያ ወዲህ ዓለም አቀፉ ደንብ ተለውጦ ልምምዱ መርከቡ ከመነሣቱ በፊት ወይም እንደ ተነሣ ወዲያውኑ እንዲሆን ተደርጓል። እንግሊዝኛ ለማይሰሙ ወላጆቻችን ልጆቻቸው ቦታውን በእግር ወስደው ያሳዩአቸው።

ወደብ ላይ ስትወርዱ በመርከቡ ሰዓት ሂዱ። የስልካችሁ ሰዓት በደሴቲቱ ሰዓት ሊቀየር ይችላል። በራሳችሁ ታክሲ ይዛችሁ ከሄዳችሁ መርከቡ አይጠብቃችሁም፤ ስለዚህ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ተመለሱ። የ«ሐበሻ ቀጠሮ» እዚህ አይሠራም!

ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 በአትላንቲክ በኩል የአውሎ ነፋስ ወቅት ነው። የእኛ ልጆች ትምህርት የሚዘጉትም በዚያው መካከል ነው። ካፒቴኑ መንገድ ቢቀይር ወይም አንድ ወደብ ቢያልፍ ውሉ ይፈቅድለታል። የሚነሡበትም ቦታ ሊለወጥ ይችላል። በማርች 26 ቀን 2024 የባልቲሞሩ የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ በጭነት መርከብ ተመትቶ በወደቀና ወደቡ በተዘጋ ጊዜ፣ የመንገደኛ መርከቦቹ ለጊዜው ኖርፎክ፣ ቨርጂኒያ እንዲያራግፉና እንዲሳፈሩ ተደርጓል። ስለዚህ ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት የመጣላችሁን መልእክት ተመልከቱ።

የተከበራችሁ አባላት፣

ንግግሬን ከማብቃቴ በፊት ለውሳኔ የሚሆኑ ሦስት ሐሳቦች አቀርባለሁ።

1ኛ/ ማኅበራችን ለክሩዙ ገንዘብ አይሰብስብ። እያንዳንዱ ቤተሰብ በራሱ ስም ይመዝገብ፣ በራሱ ይክፈል። የአንዱ ችግር የሌላውን ገንዘብ እንዳያስቀር።

2ኛ/ ማንም ሰው ከመክፈሉ በፊት የቤተሰቡን ወረቀት ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ይይ። ማንበብ ለሚቸግረው ሰው ከወጣቶቻችን ሁለት ፈቃደኞች እንመድብ። ያዩትን ግን ለማንም እንዳይናገሩ ቃል ይግቡ።

3ኛ/ የፓርኩ ቀናችን አይቅር። ክሩዙን ከሄዱት ይልቅ የማይሄዱት ሊበዙ ይችላሉ፤ አንዱ በወረቀት፣ አንዱ በገንዘብ፣ አንዱ በሥራ፣ አንዱም ባሕር ስለሚፈራ። ይህ ማኅበር የተቋቋመው በኀዘንም በደስታም ሁላችን አንድ ላይ እንድንሆን ነው። ሥጋ መጥበሻው፣ ጀበናውና የልጆቹ ኳስ እንደ ወትሮው ፓርኩ ላይ ይሁን። የሄዱትም ሲመለሱ እዚያው መጥተው ያጫውቱን።

በዚህ ላይ ሐሳብ ያለው አባል አሁን እጁን አውጥቶ መናገር ይችላል። በስብሰባ መናገር የማይመቸውም ሰው ለብቻው ሊያነጋግረኝ ይችላል፤ በሬ ክፍት ነው።



የማኅበሩ ጸሐፊ